የድንበር መጽሐፍ የት ይታተማል?

ስለ ቤኒሻንጉል የ19ኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ የሚያጠና ሰው ሳይጠቅሰው የማያልፈው አንድ መጽሐፍ አለ። ጸሐፊው ጣሊያናዊው የታሪክ ምሁር አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ ነው። ያሳተመው ደግሞ ኔፕልስ ከተማ የሚገኝ የዩኒቨርሲቲ ተቋም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1981። ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ጨው፣ ወርቅና ቅቡልነት» ይሆናል። ከሥሩ ያለው ንዑስ ርዕስ «የማንም ያልሆነ ምድር ታሪክ መቅድም» ይላል።

የማንም ያልሆነ ምድር። እኔ ያደግኩት እዚያ ነው።

ርዕሱ ያናድዳል፣ ቢያንስ እኔን። ይዘቱ ግን የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው። ምድሩ «የማንም ያልሆነው» ከካርቱም ወይም ከአዲስ አበባ ሆኖ ለሚያይ ሰው ብቻ ነበር። ከውስጥ ሲታይ ጨው ከደጋ ይወርዳል፣ ወርቅ ከበርታ ወንዞች አሸዋ ታጥቦ ይወጣል፣ ከሱዳን በኩል የመጡ ነጋዴዎች የበርታ ሴቶችን ያገባሉ፣ ልጆቻቸው ደግሞ በእናታቸው የአገሬው፣ በአባታቸው የውጭ ሆነው ገዢ ይሆናሉ። እነዚህን ልጆች ሰው «ወጣዊጥ» አላቸው፤ በዓረብኛ የሌሊት ወፎች ማለት ነው። የሌሊት ወፍን ነገር በአማርኛ ተረትም እናውቀዋለን፤ ወፎች ግብር ሲጠይቋት አይጥ ነኝ፣ አይጦች ሲጠይቋት ወፍ ነኝ ትላለች። አንድ ሕዝብ ለገዢዎቹ እንዲህ ያለ ስም ካወጣ፣ ድንበር ምን እንደሆነ ለማወቅ የፕሮፌሰር ማብራሪያ አያስፈልገውም ነበር።

ይህን የምጽፈው ሶፍትዌር እየሠራሁ የምኖር ሰው ሆኜ ነው። የታሪክ ምሁር አይደለሁም፤ የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ነው። ግን ላለፉት ሁለት ዓመታት ማታ ማታ አንድ ሰንጠረዥ ስሞላ ቆይቻለሁ። ስለ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ባህል፣ ቋንቋ፣ ታሪክና ጥበብ የተጻፉ መጻሕፍትና ጥናቶች ዝርዝር ነው። ዓምዶቹ፦ ርዕስ፣ ዓመት፣ ቋንቋ፣ የታተመበት ከተማ፣ አሶሳ ውስጥ ይገኛል ወይ።

የታተመበት ከተማ የሚለውን ዓምድ ወደ ታች ሳነበው የአየር መንገድ የበረራ ሰሌዳ ይመስላል። ኔፕልስ። ኦክስፎርድ። ለንደን። ቪስባደን። ሙንስተር። ማንቸስተር። ኦሪገን። አዲስ አበባ ጥቂት ቦታ አለች። አሶሳ የሚል ግን እስካሁን ከሞላሁት ውስጥ አንድም አልገባም።

*

እስኪ ጥቂቶቹን ልዘርዝር፤ ምን ያህል ሀብት እንዳለ ካላየን ምን እንደጎደለን አይገባንም።

ዌንዲ ጄምስ የተባለችው እንግሊዛዊት አንትሮፖሎጂስት ከ1960ዎቹ ጀምሮ ስለ ኡዱክ ሕዝብ ስትጽፍ ኖራለች። የመጀመሪያው መጽሐፏ በ1979፣ ሁለተኛው በ1988፣ ሦስተኛው በ2007 ወጣ፤ ሁሉም ኦክስፎርድ። ኡዱኮች የሱዳን ብሉ ናይል ሰዎች ናቸው። ጦርነት ደጋግሞ ወደ እኛ አገር አሰድዷቸዋል። የሦስተኛው መጽሐፍ ልዩ ነገር የሰዎቹን ድምፅና ፊልም አብሮ በኢንተርኔት ማስቀመጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ዌንዲ ጄምስና ባልደረቦቿ ሁዋን ማሪያ ሹቨር የተባለ ኔዘርላንዳዊ ተጓዥ በ1880ዎቹ መጀመሪያ በዚህ ምድር ሲዞር የጻፈውን አርትዖት ሠርተውለት ለንደን ላይ አሳትመዋል።

ስፔናዊው አርኪዮሎጂስት አልፍሬዶ ጎንሳሌስ ሩይባል በ2014 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ የጉሙዝን፣ የኮሞን፣ የማኦንና የሌሎችን የዕለት ተዕለት ዕቃ ያነባል፤ ማሰሮን፣ ጎጆን፣ ቀስትን። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ እነዚህ ሕዝቦች «ወደ ኋላ የቀሩ» ሳይሆኑ ከመንግሥትና ከባሪያ ፈንጋይ ለመራቅ ሆን ብለው የኑሮ ዘይቤያቸውን የጠበቁ ናቸው። ወልደሥላሴ አቡቴ በመተከል ስለ ጉሙዝና ከደጋ ስለመጡ ሰፋሪዎች የጻፈው በ2004 ጀርመን ውስጥ ታተመ። አስናቀ ከፋለ ሶማሌንና ቤኒሻንጉል ጉሙዝን እያነጻጸረ ስለ ፌዴራሊዝም የጻፈው በ2013 ወጣ፤ የጠንካራ ሽፋኑ ዋጋ ከመቶ ዶላር በላይ ሲጠየቅበት አይቻለሁ። የጉሙዝ፣ የሰሜን ማኦና የኮሞ ቋንቋዎች ላይ የተሠሩ ሦስት ከባድ የዶክትሬት ጥናቶች ከአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ፣ ከኦሪገን ወጥተዋል። እነዚህስ በነፃ ይወርዳሉ፤ ተመስገን ነው።

የሌላ ሰው ዝርዝር ቢሆን እዚህ ላይ «ፈረንጆች ዘረፉን» ብሎ ይዘጋ ነበር። እኔ ግን ለእነዚህ ሰዎች አመስጋኝ ነኝ። ባይጽፉት ኖሮ ዓምዱ ባዶ ይሆን ነበር። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ መጽሐፉ የተጻፈለት ሰው እንዴት ያገኘዋል?

መጀመሪያ ነገር ፍለጋው ራሱ ከባድ ነው። አካባቢው በላቲን ፊደል ብቻ ቤላ ሻንጉል፣ ቤኒ ሻንጉል፣ ቤኒሻንጉል እየተባለ፣ ጣሊያኖች ደግሞ በራሳቸው አጻጻፍ እየጻፉት አልፈዋል። ስሙን ብዙዎች የሚፈቱት «የሻንጉል ድንጋይ» ብለው ነው፤ «ቤላ» በበርታ ከድንጋይ ጋር የተያያዘ ቃል ነው። በአማርኛ «በርታ» ብላችሁ ፈልጉ ደግሞ። የሚመጣላችሁ የማበረታቻ ቪዲዮ ነው። «በርታ ወንድሜ፣ ነገ ያንተ ነው።» አንድ ሙሉ ሕዝብ ከአንድ ትዕዛዝ አንቀጽ ሥር ተቀብሯል።

ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው። የድሮ ጽሑፎችን ለማግኘት፣ የአገር ውስጥም የውጭም፣ ደገኛው ለጥቁር የቆላ ሰዎች ሁሉ በጅምላ ያወጣውን የስድብ ስም መጻፍ ግዴታ ነው። እዚህ አልጽፈውም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አሶሳ ያለ አንድ የበርታ ተማሪ የቅድመ አያቶቹን ታሪክ ለመፈለግ መጀመሪያ ራሱን መስደብ አለበት። ለዚህ ብዬ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። «በርታ» ወይም «ጉሙዝ» ብለህ ስትገባ የቀሩትን አጻጻፎች ሁሉ፣ ያንን ቃል ጨምሮ፣ ከበስተጀርባ ራሱ ይፈልግልሃል። ሁለት መቶ መስመር የማይሞላ ኮድ ነው። እስካሁን ከጻፍኳቸው ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

*

«የዩኒቨርሲቲ ማተሚያ» ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣበት የፈተና ወረቀት የሚባዛበት ክፍል ነው። በሌላው ዓለም ግን «ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ» የሚባለው ማሽን አይደለም፤ ማሽኑን ሊከራይ ይችላል። ሥራው ምን መታተም እንዳለበት መምረጥ፣ በዘርፉ ለሚያውቁ ሰዎች ሰጥቶ ማስገምገም፣ ማረም፣ ስሙን ሽፋኑ ላይ አስቀምጦ ኃላፊነት መውሰድ፣ ከዚያ ደግሞ መጽሐፉ በሃያ ዓመቱም እንዲገኝ ማድረግ ነው። ገበያ የማይሸከመውን መጽሐፍ የሚሸከም ተቋም ማለት ነው።

አገራችን ውስጥ ይህን ሥራ ለረጅም ጊዜ የተሸከመው እ.ኤ.አ. በ1968 የተመሠረተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ነው። ለድንበር አካባቢዎች የሠራው ውለታ ብዙም አይወራለትም። ዘዴው ቀላል ነበር። እንግሊዝ አገር ያለው ጄምስ ከሪ የሚባለው አሳታሚና የአሜሪካው ኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ አንድ መጽሐፍ ሲያወጡ፣ አዲስ አበባ ሦስተኛ አጋር ሆኖ ስሙን ይጨምራል፤ በዚህ በኩል መጽሐፉ ለአገር ውስጥ አንባቢ ይደርሳል። የባሕሩ ዘውዴ የዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው እንዲህ ነው። ባሕሩ ራሱ የዶክትሬት ጥናቱን በ1976 ለንደን ላይ የሠራው በምዕራቡ የኢትዮጵያና የሱዳን ድንበር ላይ እንደሆነ ስንቶቻችን እናውቃለን? ዶናልድ ዶንሃምና ዌንዲ ጄምስ ያዘጋጁት፣ የግዛቱን ደቡባዊ ዳርቻዎች የሚመለከተው የጥናቶች ስብስብም በ1986 ካምብሪጅ ከታተመ በኋላ በ2002 በዚሁ የሦስትዮሽ መንገድ ዳግም ወጣ። ስለ ጉሙዝ የልውውጥ ጋብቻ፣ ማለትም እህትን ለእህት ስለመቀያየር፣ የተጻፈ ምዕራፍ ያለው እሱ ውስጥ ነው።

እዚያው ስድስት ኪሎ ደግሞ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ። ለብዙ አሥርት ዓመታት ቤተ መጻሕፍቱ የነበረው ራስ መኮንን አዳራሽ በሚባለው የቀድሞ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ራስ መኮንን ማለት እ.ኤ.አ. በ1897 መጨረሻና በ1898 የምኒልክን ጦር መርተው ቤላ ሻንጉልን ወደ ግዛቱ ያስገቡት ሰው ናቸው። ማንም አስቦበት አይመስለኝም፤ ግን የተገበረው አገር ታሪክ የሚነበበው በአስገባሪው ስም በተሰየመ አዳራሽ ሆኖ ኖሯል። በዚያው ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1973 አንድ ተማሪ ስለ አሶሳው ገዥ ሼህ ሆጀሌ አልሐሰን የመጀመሪያ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፍ ሠርቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ አካባቢው የጻፉ ምሁራን ደጋግመው ይጠቅሱታል። የመጀመሪያ ዲግሪ ጽሑፍ እኮ ነው! ዛሬ አዲስ አበባ «ሸጎሌ» የሚል ታክሲ የሚሳፈር ሰው የሼህ ሆጀሌን ስም እየጠራ መሆኑን አያውቅም። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ሼኩ እዚያ ከነበራቸው ቤተ መንግሥት ነው።

ከዋና ከተማ ውጭ ያለ ፕሬስ ይቻላል ወይ ለሚል፣ ይቻላል። ኤል ፓሶ የምትባለዋ የቴክሳስ ከተማ ከሜክሲኮ የሚለያት አንድ ወንዝ ነው። እዚያ ካርል ኸርትዞግ የሚባል አታሚ ነበር፤ ፊደል አቀማመጥ ላይ ሲበዛ ጥንቁቅ የሆነ ሰው። እ.ኤ.አ. በ1952 በከተማዋ ኮሌጅ ውስጥ ቴክሳስ ዌስተርን ፕሬስን አቋቋመ። ከአውስቲን ወይም ከኒውዮርክ ፈቃድ ሳይጠብቅ የድንበሩን ታሪክና ጥበብ የሚያትም ቤት ሆነ። ለእኛ የሚቀርብ ምሳሌም አለ። ሐርጌሳ ውስጥ ጃማ ሙሴ ጃማ የሚባል የሒሳብ ሰው እ.ኤ.አ. በ2008 የመጻሕፍት አውደ ርዕይ ጀመረ፤ አውደ ርዕዩ የባህል ማዕከል ወለደ፤ የሶማልኛ መጻሕፍትም ይታተማሉ። ከሁለቱም የምወስደው አንድ ነገር ነው፤ የጀመሩት በትልቅ ሕንፃ አልነበረም።

አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ክልሉ ውስጥ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ አሉ፤ አምስት ሕዝቦች፣ ከአንድ በላይ የቋንቋ ቤተሰብ። እ.ኤ.አ. በ2007 የበርታ፣ እንግሊዝኛና አማርኛ መዝገበ ቃላት ታትሟል፤ በቋንቋዎቹ ትምህርት ተጀምሯል። በዚያው ዓመት ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 784,345 ነበር። በጉባ በኩል አገር ሁሉ የሚያውቀው ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የሲሚንቶው መጠን በቃላችን ነው። የጉባ ሰው ለወንዙ ስላለው ዘፈን አንድ ገጽ ያነበበ እጁን ያውጣ።

*

ስለ ጥበብ ካነሳን ዋዛን ሳላነሳ አላልፍም።

አማርኛው እንዳያሳስታችሁ፤ «ዋዛ» በበርታ ቀልድ አይደለም። ከቅል ተሰካክቶ የሚሠራ ረጅም መለከት ነው። አንዱ መለከት የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ከአሥር ያላነሱ ሰዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን አንድ ድምፅ በራሳቸው ሰዓት ይነፋሉ፤ ዜማው የሚሰማው ከሁሉም መካከል ነው። ለብቻው ዜማ መጫወት የሚችል ነፊ የለም። አርቱር ሲሞን የተባለው ጀርመናዊ የሙዚቃ ተመራማሪ በሱዳን በኩል ያሉ በርታዎችን ዋዛ ቀርጾ በርሊን ላይ በሲዲ አሳትሞታል።

ሥራዬ ላይ ሥርዓት በብዙ ሰርቨሮች ላይ ተከፋፍሎ እንዲሠራ እናደርጋለን። አንዱ ሲዘገይ ሌላው ምን ያድርግ የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ይነሳል። ዋዛ ነፊዎች ይህን ያለ ሰዓት፣ ያለ ኖታ፣ እየዘለሉ ይፈቱታል። አንድ ነፊ ሲሞት ግን የሚጠፋው አንድ ድምፅ ነው፤ ያንን ቦታ የሚያውቅ ሌላ ሰው ካልተተካ ዜማው ቀዳዳ ይኖረዋል። ሲዲ ይህን አያድንም። የሚያድነው ማን የትኛውን መለከት እንደሚነፋ፣ መቼ እንደሚገባ፣ ቅሉ እንዴት እንደሚመረጥ የሚያስረዳ፣ የሚቀጥለው ልጅ በቋንቋው ሊያነበው የሚችል ነገር ነው። ድምፅ ያለበት መጽሐፍ። ይህንን ለንደን አያትመውም፤ ለንደን ውስጥ ገዢ የለውማ። ገዢው አሶሳ፣ መንጌና ኩርሙክ ነው ያለው።

*

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፣ ምክንያቱም ነገሩ የሌላ ሰው ጉዳይ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል አልቆይበትም ነበር።

እኔ በርታ አይደለሁም። ያደግኩት ከአሶሳ ወጣ ብሎ በቁጥር ከሚጠሩት አምባዎች በአንዱ ነው። በ1977ቱ ድርቅ ደርግ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከሰሜንና ከሌሎች ቦታዎች አንስቶ ወደ ምዕራብ ሲያሰፍር፣ አባቴ ከወሎ በመኪና ተጭኖ ከመጡት አንዱ ነበር፤ ያኔ ልጅ እግር ነበር። የሰፈራውን መከራ በመጽሐፍ ያነበብኩት ከማንቸስተር ነው፤ አሉላ ፓንክረስት ከወሎ ወደ ቄጦ ስለሰፈሩ ሰዎች በ1992 ያሳተመው። አባቴ የሚያወራውን ነገር በእንግሊዝኛ፣ ከግርጌ ማስታወሻ ጋር ማንበብ እንግዳ ስሜት ነበረው።

አባቴ ስለ መጡበት ቀን ሲናገር «ጫካ ነበር» ይላል። ጫካ፣ ቀርከሃ፣ ጅብ። ባዶ መሬት ነው የተሰጠን ይላል። አሶሳ የበርታ ቋንቋ የሚያስተምር ጓደኛ አለኝ። የእሱ አያት ስለዚያው ቦታ ሲያወሩ «ያሳረፍነው እርሻችን ነበር» ይላሉ። ቆላ ውስጥ መሬት ይታረሳል፣ ይለቀቃል፣ ያርፋል፣ ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ያርሱታል። ላላወቀ ሰው ያረፈ መሬት ጫካ ይመስላል። ሁለቱም ሽማግሌዎች ያዩትን ነው የሚናገሩት። ያ የመጽሐፍ ርዕስ ያናደደኝ ለካ ለዚህ ነው፤ «የማንም ያልሆነ» የሚለው ቃል በቤታችንም ነበረ።

እኔና ጓደኛዬ አንድ መጽሐፍ እየሠራን ነው። አያቱ የነገሩትን ተረቶች በስልክ ቀርጿል፤ እሱ በበርታ ይጽፋል፣ አብረን ወደ አማርኛ እንመልሳለን፣ እኔ ገጹን አሰናዳለሁ። በርታ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው። ላቲንና ግዕዝን ጎን ለጎን ማስቀመጥ የራሱ ጣጣ አለው፤ የኛ ፊደል ቁመቱ ስለሚበልጥ መስመሮቹ ይዛነፋሉ። መጀመሪያ ጽሑፉን ስከፍት ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን የበርታ ቃል በቀይ አሰመረበት። ሙሉው ገጽ ስህተት ነው አለን። ጓደኛዬ ሳቀና «ትምህርት ቤት ትዝ አለኝ» አለ። ለቋንቋው የተመደበች ባለ ሦስት ፊደል ዓለም አቀፍ መለያ አለች፤ እሷን ስሞላ ቀዩ ጠፋ። ፕሮግራሙ ስለገባው አይደለም፤ የማያውቀው ቋንቋ ስለሆነ ዝም አለ።

ተጣልተናልም። «አማርኛው ለማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ለኔ ነው» አልኩት። ሃያ ዓመት በርታዎች መካከል ኖሬ ከሰላምታና ከገበያ ቃል በላይ አላውቅም። የኔ ዓይነት ብዙ ሺህ የሰፋሪ ልጅ አለ። የክልሉ ሕገ መንግሥት ባለቤት ብሎ የሚጠራው አምስቱን ሕዝቦች ነው፤ እኛ «ሌሎች» ነን። ባለቤትነት አልጠየቅሁም። የምኖርበትን ቤት ግድግዳ ማንበብ እንድችል ነው የፈለግሁት። በመጨረሻ በርታው በፊት፣ አማርኛው በኋላ፣ በትንሽ ፊደል እንዲሆን ተስማማን። ትንሽ ያልኩት እኔ ነኝ።

ትልቁ ክርክራችን ግን በመጨረሻው ምዕራፍ ነው። የኔ ሐሳብ የአባቴንና የአያቱን ትውስታ፣ ጫካውንና ያረፈውን እርሻ፣ ፊት ለፊት ባሉ ሁለት ገጾች ማስቀመጥ ነበር። ጓደኛዬ «አይሆንም» አለ። በመተከል ምን እንደሆነ ረሳሽ ወይ አለኝ። አልረሳሁም። ሰው በመጣበትና በቋንቋው ሲታደን አይተናል። «ማን መጀመሪያ ነበረ» የሚል ወረቀት እኛ አገር ተረት ሆኖ አይቀርም። ፎቶ ኮፒ ቤት ያሳተምነውን አንድ ሰው አንዱን ገጽ ብቻ ቀዶ ስልክ ለስልክ ቢልከውስ?

ፕሬስ ለምን እንደሚያስፈልግ በደንብ የገባኝ ያን ቀን ነው። ወረቀትና ቀለም አሶሳም ይገኛል፤ የሚያሳትም ብር ከዘመድ ይሰበሰባል። የጎደለው ሌላ ነው። የኛን ጽሑፍ አንብቦ «ይህን በምን አወቃችሁ? ሌላ ሰው ጠይቃችኋል? የዚህኛው ወገን ምስክር የት አለ?» የሚል፣ ከዚያም በስሙ ወጥቶ «አንብቤዋለሁ፣ እቆምለታለሁ» የሚል ተቋም ነው። ሩቅ አገር የታተመ መጽሐፍ ይህን ጥያቄ ያልፋል፤ ተጎጂውም ተከራካሪውም አያነበውምና። እዚሁ የሚታተም መጽሐፍ ግን የሚነበበው በሁለቱም ጎረቤቶች ነው፣ አንዳንዴም በአንድ ሻይ ቤት። ድንበር ላይ ያለ ፕሬስ ከዋና ከተማው ይልቅ ጥንቁቅ መሆን አለበት፤ ፈሪ ግን መሆን የለበትም። ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ካልሆነ ለምንድን ነው?

ባለፈው የረመዳን ጾም ሰሞን ረቂቁን ይዘን ከጓደኛዬ አያት ዘንድ ሄድን። ከማፍጠሪያ በኋላ ሻይ ይዘው ተቀመጡ፤ እሱ በበርታ ያነባል፣ እሳቸው ያዳምጣሉ። ሦስተኛው ተረት ላይ አስቆሙት። ጅቡ እንዲህ አይልም አሉ። ጅብ በልመና አይናገርም፣ ሲለምንም እያዘዘ ነው። ጓደኛዬ ሰረዘና አስተካከለ። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ቦታ አስቆሙን። የትኛውም ገምጋሚ ከዚህ የተሻለ አይሠራም።

በመጨረሻ የአባቴን ገጽ ወደ በርታ መልሶ አነበበላቸው። መኪናው፣ ጫካው፣ የመጀመሪያው ክረምት፣ በወባ የሞቱት። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ይቆጣሉ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ወደኔ ዞረው «ያ ቢንቲ፣ በዚያ ዓመት ምን በሉ?» አሉኝ።

አላውቅም ነበር። ማታውኑ አባቴ ጋ ደወልኩ። «መንግሥት ስንዴ ይሰጠን ነበር» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ስንዴው ሲቀር የቀርከሃ ቡቃያ እንበላ ነበር። እንዴት እንደሚቀቀል፣ ምሬቱ እንዴት እንደሚወጣ ያሳዩን የዚያው አገር ሴቶች ናቸው» አለኝ። ይህን ከዚያ በፊት አንድም ቀን ነግሮኝ አያውቅም። የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ጥያቄውን በአያቱ ገጽ፣ መልሱን በአባቴ ገጽ አስገባናቸው። ጓደኛዬ አሁን ምዕራፉ ይቅር አይልም። መጽሐፉ አልቋል። የሚያሳትመው እየፈለግን ነው።